የመጨረሻዋ ማንኪያ

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1898 — ባቡር ውስጥ

ጠርሙስ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢንጋደድ ጥፋቱ የባቡሩ ነው። ጠርሙሱ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አየር ነው። አየር! ይኸው አሁን የምተነፍሰው፣ ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ እንደ ውኃ የፈሰሰ። ሰማያዊ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። አፉ ላይ ያለው የሱፍ ውታፍ ብቻ ነው፤ በቡሽ ቢከደን ይፈነዳል። ነጭ ጭጋግ ከአፉ እየወጣ ቀሚሴ ላይ ይንከባለላል።

ከፒተርቦሮ የተሳፈሩ አንዲት ባልቴት ዓይናቸውን ከጭጋጉ አልነቀሉም።

«የኔ ልጅ፣ ሾርባሽ እየቀዘቀዘ ነው፤ ክደኚው እንጂ» አሉኝ።

«ሾርባ አይደለም እማማ። አየር ነው።»

«ምን?»

«አየር። ከለንደን ነው ያመጣሁት።»

ጎናቸው ወዳለው ሰውዬ ዞር አሉና፣ «ለንደኖች አየር መሸጥ ጀመሩ ማለት ነው። ምስኪን፣ አታለሏት» አሉ። ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቆየት ብለው ከመድኃኒት ጠርሙሳቸው ላይ ቡሽ ነቅለው ሊከድኑልኝ ሲነሡ ግን እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ለመንኳቸው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለፈው በጋ ተመረቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤት ተቀምጬ መጋረጃ ስሰፋ ከረምሁ። አሁን ግን ፕሮፌሰር ኮርብሪጅ ሃርክሊፍ በሚገኘው ኮሌጃችን በረዳትነት ወስደውኛል፤ እስከ ጁን መጨረሻ ለሙከራ። አርጎን የሚባለው ጋዝ አየር ውስጥ ተደብቆ መኖሩ ከታወቀ ገና አራት ዓመቱ ነው። የሰው ልጅ ከአዳም ጀምሮ ሲተነፍሰው ኖሮ አላወቀውም! ፕሮፌሰሩ ደግሞ የንጥረ ነገሮቹን ሰንጠረዥ ዘርግተው ባዶዎቹን ቦታዎች በጣታቸው ይመታሉ። «እዚህ ቤት ሰው አለ። እናንኳኳ» ይላሉ።

ካገኘን ቋሚ ቦታ አገኛለሁ፤ ስሜም ከሳቸው ስም ጎን ይታተማል። ካላገኘን መጋረጃው አለ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 15

ይህን የሙከራ ቤት ወደድሁት!

ሕጉን ያወጡት ሚስተር ኦልድሮይድ ናቸው። ብርጭቆ የሚነፉልን እሳቸው ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ ሳይመጡ በፊት ጀምሮ እዚሁ ሲነፉ ኖረዋል። የሕጉ አንደኛ አንቀጽ፦ በገዛ አፉ ሁለት ቱቦ ነፍቶ ያልገጠመ ሰው ፓምፑን አይነካም። (ነፋሁ። አመልካች ጣቴ ተቃጥሏል። ቱቦው ግን አያፈስስም።) ሁለተኛው አንቀጽ፦ ዓርብ በአሥር ሰዓት ሻይ አለ፤ ፈሳሹ አየር ተንኖ ጋዙ ከተሰበሰበ በኋላ ጠርሙሱ ሥር የምትቀረው የመጨረሻዋ ማንኪያ የተሸካሚው ናት። የፈለገውን ትርዒት ያሳይባታል።

ከግቢው የቀጠፍሁትን ቢጫ የጸደይ አበባ ነከርሁበት። ሲወጣ አበባ ይመስላል፤ በመዶሻ ስመታው ግን እንደ መስታወት ተንኮታኮተ። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ስብርባሪ! ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አጨበጨቡ። ከዚያ ጠርሙሱን እስኪያንጸባርቅ አጠብሁት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 18

ፎስፈረስ አለቀ። ከሰበሰብነው ጋዝ ላይ የመጨረሻዋን ኦክሲጅን የምንጠርገው ፎስፈረስ አቃጥለን ነው፤ እሱ ከሌለ ሥራ የለም። አዲሱ አሥር ቀን ይፈጃል አሉ። አሥር ቀን!

ማሰሮ ሥር የተጣሉ ቡናማ የፎስፈረስ ፍርፋሪዎች ነበሩ። በሞቀ ውኃ ውስጥ አቀለጥኋቸው፤ የስኳር አጣሪዎች እንደሚያደርጉት የአጥንት ከሰል ዱቄት ጨመርሁበትና በስስ ቆዳ ጨመቅሁት። እንደ ሰም ጸዐዳ ሆኖ ወጣ። ማንም ሳያዘኝ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ!

ኦልድሮይድ አጮልቀው አዩና፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ።

«ገና አላፈሰስሁም እኮ።»

«ገና ነው እኮ ያልሁት።»

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 20

አረንጓዴ!!

ቆይቼ እጽፋለሁ።

— አሁን ተረጋጋሁ። ከራት በኋላ ነው። (አልተረጋጋሁም።)

ጠዋት በጋዙ ላይ ፎስፈረሴን አቃጠልን። የቀረችውን የጋዝ ቅንጣት ኦልድሮይድ በነፏት ቀጭን ቱቦ ከተን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሰደድንባት። ከዚያ በመመልከቻው አየሁ። መመልከቻው ጣት የምታክል ናስ ናት፤ ብርሃንን ወደ ቀለሞቹ ትዘረዝራለች። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፤ እንደ ማኅተም ናቸው፤ የአንዱ የሌላው አይሆንም። የአርጎንን በልቤ አውቀዋለሁ።

እነዚህ የአርጎን አይደሉም። አረንጓዴ ናቸው፤ ባንድ ጠርዝ የደመቁ፣ ወደ ሌላው እየደበዘዙ የሚሄዱ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የታጠፈ የሚመስሉ። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብለው ሩብ ሰዓት ያህል አዩ። ኮታቸው እጅጌ ላይ አሲድ ፈስሶበታል፤ አላወቁም። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሚስ ብሬርሊ፣ ይህን ከኛ በፊት ያየ ሰው የለም» አሉ።

በርጩማው ላይ ዘልዬ ቆምሁ። ኦልድሮይድ፣ «ውረጂ፣ ቱቦዬን ትሰብሪያለሽ» አሉኝ፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 23

ስም ወጣለት። ቪሪዶን። ከላቲኑ «አረንጓዴ» ነው። ዛሬ ወደ ቤት ስሄድ ከንፈሬ ሳይሰማ ይለው ነበር፦ ቪሪዶን፣ ቪሪዶን።

ትናንት በመጨረሻዋ ማንኪያ የጎማ ኳስ ሰበርሁ። አንዷ ስብርባሪ የኬክ ሳህን ውስጥ ገብታ የሒሳቡ መምህር ሊውጣት ምንም አልቀረውም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 27

ኮሪደር ላይ ሁለት መምህራን ሲያወሩ ሰማሁ።

«ኮርብሪጅ ልጃገረድ ቀጥሮ ጋዝ ያሳድዳል አሉ።»

«ምን ቸገረው፤ ጋዙ ቢያመልጠው ልጅቷ ራት ትሠራለታለች።»

ይሳቁ። በጁን ወር የሚስቀውን እናያለን። ምንም አልመሰለኝም። (ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም አልመሰለኝም።)

እሑድ፣ ሜይ 1

ዛሬ ያልሆነ ነገር ተነገረኝና ተበሳጨሁ።

አከራዬ ሚስስ ታተርሶል ዓሣ ሲጠብሱ፣ ያቺ ናስ ቱቦሽ ምን ታሳያለች ብለው ጠየቁኝ። ሳሎን ውስጥ በቀለም የሣልኋቸውን አረንጓዴ መስመሮች አሳየኋቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። መመልከቻዬን ተቀብለው መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ ሻማውን፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጋዝ ምድጃውን ሰማያዊ ነበልባል።

«ውይ!» አሉ። «ይሄውልሽ እኮ!»

«ምኑ?»

«ያንቺ አረንጓዴ። እንደ አኮርዲዮን እጥፋት የመሰለው። ይሄማ ምድጃዬ ላይ አለ።»

አየሁ። መመሳሰል ይመሳሰላል። አረንጓዴ ሁሉ ይመሳሰላል።

«ሚስስ ታተርሶል፣ እሱ ከሰል ነው። የምድጃ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ስለሚሠራ ሲነድ የከሰሉ ቀለም ይወጣል። የኛ ሌላ ነው።»

«እናንተ ጋ ከሰል የለም?»

«የለም።»

«እሺ ልጄ። እንግዲህ ዓሣው አረረ።»

ሰኞ፣ ሜይ 2

አዲሱ ፎስፈረስ መጣ። ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጥሁት። የኔው ገና ስላላለቀ መክፈት ብክነት ነው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 10

ፕሮፌሰሩ ለለንደኑ ማኅበር የሚያነቡትን ጽሑፍ ጀመሩ። ጁን 9! የአገሩ ኬሚስት ሁሉ ባለበት! ስሜ ሁለተኛ ነው፦ «ከሚስ ኤች. ብሬርሊ ጋር በመተባበር»። «በመተባበር» የምትለዋን ቃል አምስት ጊዜ አነበብኋት።

እሳቸው እየጻፉ ሳያዩኝ ጠየቁኝ፦

«ፎስፈረሱን በምን ነበር ያጸዳሽው?»

«በሞቀ ውኃ አቅልጬ፣ በቆዳ ጨምቄ።»

«ጎበዝ» አሉና ጻፉ፦ ፎስፈረሱ ፍጹም ንጹሕ ነበር፤ ያጸዳችው ሚስ ብሬርሊ ናት።

ከሰሉን ያልጠቀስሁት ማንም የሚያውቀው ተራ ነገር ስለሆነ ነው። ደግሞም ቆዳው ውስጥ ቀርቷል። አጥቤዋለሁም። ሁለት ጊዜ።

ዓርብ፣ ሜይ 13

የሻይ ቀን። ቀይ ቱሊፕ ሰበርሁ። ከሁሉ ያማረው ይህ ነበር። ስብርባሪው በፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

ኦልድሮይድ ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ያቺን ማንኪያ አበባ ላይ የምትጨርሺው ለምንድን ነው?» አሉ።

«ሕጉ የርስዎ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው። ሳወጣው ግን ገና ፈሳሽ አየር አልነበረም፤ በረዶ ነበር የምንጫወትበት። አባቴ ቢራ ጠማቂ ነበር፤ በርሜል ሲያልቅ ሥሩ የምትቀረው ከላይኛው ጋር አንድ አይደለችም ይል ነበር።»

«አየር ቢራ አይደለም ሚስተር ኦልድሮይድ!»

«ልክ ነሽ። ቢራ ያሰክራል» አሉና ጽዋቸውን አነሡ።

ሁሉም ሳቀ። ጠርሙሱን አጠብሁት።

ረቡዕ፣ ሜይ 18

የስብሰባው ፕሮግራም ታትሞ መጣ። ስሜ አለበት። ቆርጬ ለእናቴ ላክሁ። ለምን ላክሁ?

ሌላ የምጽፈው የለም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 24

ፕሮፌሰሩ ለፈተና ጉዳይ አልገቡም። ኦልድሮይድም ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደዋል። ብቻዬን ስለነበርሁ እግረ መንገዴን አዲሱን ፎስፈረስ ከላይኛው መደርደሪያ አወረድሁ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ።

በአዲሱ ፎስፈረስ አረንጓዴ የለም።

ቱቦው አፍስሶ ይሆናል። የጎማው መጋጠሚያ ያረጀ ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 25

ጎማውን ለወጥሁ። በአዲሱ፦ የለም። በኔው፦ አለ፤ ይበልጥ ደምቆ። በአዲሱ፦ የለም። በአዲሱ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል የአጥንት ከሰል ጨምሬ፦

አለ።

ከምሳ በኋላ ፕሮፌሰሩ ገብተው፣ «እንዴት ነው ቪሪዶናችን?» አሉኝ።

«ደኅና ነው» አልሁ። ስለ ታመመ ዘመድ የምናገር ይመስል!

ዓርብ፣ ሜይ 27

ሻይ። የወይን ፍሬ ሰበርሁ። ማንም ፊቴን አላየ። ኦልድሮይድ ብቻ፣ «ዛሬ መዶሻሽ ከብዷል» አሉ።

ረቡዕ፣ ጁን 1

ምንም አልሆነም። ዝናብ። ራት ላይ ሩባርብ፣ ያ ጎምዛዛ ተክል። ሚስስ ታተርሶል ምድጃውን ሲለኩሱ ከማድ ቤት ወጣሁ።

እናቴ ጻፈች። ቄሱ እሑድ ከስብከት በኋላ ስሜን ለሕዝቡ ጠሩት አለች። «አባትሽ ቢኖር» ብላ ነው የጨረሰችው።

ብናገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቦታው ሄደ፣ ስሙ ሄደ፣ መጋረጃው መጣ። ኮሪደር ላይ ያሉትም ይስቃሉ፤ በኔ ሳይሆን በሳቸው ነው የሚስቁት፤ እኔ ማን ነኝ? ባልናገርስ? ከአዳራሹ ሰው መሀል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቤቱ ሄዶ ምድጃ ይለኩሳል። ሚስስ ታተርሶል ያዩትን የማያይ ኬሚስት አለ?

አለ። እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ።

ሰኞ፣ ጁን 6

ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ሰገነት ላይ ቆመው ጮክ ብለው ይለማመዳሉ። «ፍጹም ንጹሕ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 7

ደስ ብሏቸው ነበር። ነገ።

ዓርብ፣ ጁን 10፣ ጠዋት

የትናንቱን ሁሉ እጽፋለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግን ድካም የሚባል ነገር አይሰማኝም።

ባቡር ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እንደ ልማዳችን ባዶውን ጠርሙስ ታቅፌያለሁ፤ ከስብሰባው በፊት ፈሳሽ አየር እንቀዳለን ተብሎ ነበር። ፕሮፌሰሩ ገጾቻቸውን ይቆጥራሉ። ግራንታምን እንዳለፍን አፌ ብቻውን ተከፈተ።

«ፕሮፌሰር፣ ቪሪዶን የለም።»

«ሻንጣው ውስጥ ነው፤ በጥጥ ጠቅልዬዋለሁ።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። የትም የለም። ኖሮም አያውቅም።»

ገጾቹን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የአጥንቱን ከሰል፣ ጭምቁን፣ የላይኛውን መደርደሪያ፣ ጨምሬ የሞከርኋትን የጥፍር ጫፍ። እኛ አዲስ ጋዝ ያልነው ከሰሉ ከኦክሲጅን ጋር ተቃጥሎ የሚወጣው የምድጃ ጋዝ ነው አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህቺን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «ሁለት ሳምንት» ልል ነበር።

«ሜይ አንድ ቀን ነው። አከራዬ ነገሩኝ።»

«አከራይሽ ኬሚስት ናቸው?»

«አይደሉም። ምድጃ አላቸው።»

ፒተርቦሮ ስንደርስ ባርኔጣቸውን ወንበር ላይ ትተው ወረዱ። ባቡሩ ሊነሣ ፊሽካው ተነፋ፤ አልመጡም። ባርኔጣውን ይዤ መስኮት ላይ ተንጠለጠልሁ። የመጨረሻው በር ሲዘጋ ሮጠው ገቡ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሁለት ዳቦ ይዘዋል።

«ቴሌግራም ልኬ ነው» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «"ጽሑፉ ተሰርዟል፤ ኮርብሪጅ።" ይኸው ነው። በይ፣ ብዪ።» አንዱን ዳቦ ሰጡኝ። «ነገ ብትነግሪኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን "አቶ ምድጃ" ይሉኝ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔም ጠይቄሽ ነበር፤ ግን መልሱን ቸኩዬ ወደድሁት። ያንን የጥፋት ድርሻ ለኔ ተዪልኝ።» ከዚያ ፊታቸው ጠጠረ። «ስለ ቦታሽ ግን ዛሬ አልናገርም። አንድ ወር ሚስ ብሬርሊ! አንድ ወር!»

ለንደን ስንደርስ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። «ጠርሙሱ ባዶውን አይመለስም» አሉና ወደ ቀጂዎቹ ወሰዱኝ። ሞላነው። ከዚያም እኮ ወደ ስብሰባው ሄድን! «አንባቢ ባንሆን ሰሚ እንሆናለን» ብለው።

ሴቶች የምንቀመጠው ከላይ ሰገነት ላይ ነው። ጠርሙሴን እንደታቀፍሁ ተቀመጥሁ፤ ጭጋጉን አይተው አጠገቤ የነበሩት ወይዘሮ ወንበር ቀየሩ። ፕሮፌሰሩ ታች ከኋላ ተቀምጠዋል። የኛ ተራ ደርሶ «ተሰርዟል» ሲባል ሹክሹክታ ተሰማ። ጆሮዬ ጋለ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ተነሥቶ ከዚያው ከለንደን ስለተሠራ ሥራ አነበበ። አዲስ ጋዝ ተገኝቷል። እውነተኛ። አንዲት ቢጫና አንዲት አረንጓዴ መስመር፣ ቀጥ ያሉ እንደ ክር። የት ተገኘ? ፈሳሽ አየር ተንኖ ተንኖ ሊያልቅ ሲል ጠርሙሱ ሥር በምትቀረው ጠብታ ውስጥ። ከባድ ስለሆነ መጨረሻ ነው የሚተንነው።

መጨረሻ ነው የሚተንነው!

ቢጫው አበባ ታየኝ። የጎማው ኳስ። ቱሊፑ። ወይኑ። ስምንት ዓርብ! ስምንት ጊዜ በእጄ ይዤው፣ ስምንት ጊዜ አበባ ላይ አፍስሼው፣ ስምንት ጊዜ ጠርሙሱን እስኪያንጸባርቅ አጥቤዋለሁ። ሌላውን ስናሳድድ እሱ ሻይ ሲጠጣ ከኛ ጋር ተቀምጦ ነበር።

ወደ ታች አየሁ። ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን አዙረው ወደ ሰገነቱ ያዩኛል። ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው አንሥተው፣ መዶሻ እንደያዘ ሰው፣ አየሩን ቀለል አድርገው መቱት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ይስቁ ነበር። እኔም አፌን በጓንቴ ይዤ ሳቅሁ፤ ወይዘሮዋ ደግሞ ሌላ ወንበር ቀየሩ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ነው የያዝሁት።

ያው ቀን፣ ከሻይ በኋላ

ዛሬ አበባ አልነበረም። ኦልድሮይድ መዶሻውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል። ነገሩን ስነግራቸው፣ «አባቴ እኮ ነው ያለው፤ እኔ አላልሁም» አሉ። የመጨረሻዋን ማንኪያ ጠብታ በጠብታ ሰበሰብናት። ፎስፈረስ አልነካናትም፤ ኦክሲጅኑን በጋለ መዳብ ነው የምንጠርገው።

ፕሮፌሰሩ ማስተካከያ ጽሑፍ እንድጽፍ አዘዙኝ። ራሴ። ከሰሉን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።

ረቡዕ፣ ጁን 15

ጻፍሁት። አሥራ አንድ መስመር ነው። «በመተባበር» የምትል ቃል የለችበትም፤ ስሜ ብቻውን ነው። ለእናቴ የምልክላት ይህን ነው።

ኮሪደር ላይ፣ «ምድጃ እንዴት ነው?» አለኝ አንደኛው።

«ደኅና ነው፤ ራት ይሠራል» አልሁት።

ቋሚው ቦታ ቀርቷል። ሙከራው ግን እስከ ገና በዓል ተራዝሟል። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲነግሩኝ አላዩኝም፤ ሰንጠረዡን ነበር የሚያዩት። «ከላይም ከታችም ገና ባዶ ቤት አለ» አሉ፤ በጣታቸው እየመቱ።

ዓርብ፣ ጁን 17

ሚስስ ታተርሶልን ሻይ ጋበዝኋቸው። የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የሩባርብ ኬክ ይዘው መጡ። ፕሮፌሰሩ ከበር ተቀብለው እጃቸውን ሳሙ። «እመቤቴ፣ ባለውለታዬ ነዎት» አሏቸው። እሳቸው ምን ውለታ እንዳደረጉ ስላልገባቸው፣ «ኬኩን ገና አልቀመሱትም እኮ» አሉ።

ቱቦዋ ተዘጋጅታለች። ውስጧ ያለችው ከስፌት መርፌ ዓይን የማትበልጥ አረፋ ናት። መጋረጃ ዘጋን። ብልጭታው ተሰደደ።

መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ አዩ። ኦልድሮይድ አዩ። ከዚያ እኔ። አንዲት ቢጫ፤ አንዲት አረንጓዴ። ቀጥ ያሉ እንደ ክር። እንደተነገረው። የኛ ሁለተኛ ነው፤ ስም የምናወጣለት አይደለም፤ ቀድሞ ወጥቶለታል። ግን እዚህ ነው፣ በኦልድሮይድ ብርጭቆ ውስጥ፣ እኔ ከለንደን በጉልበቴ ተሸክሜ ያመጣሁት። ልቤ ባለፈው ኤፕሪል ከመታችው በላይ ትመታለች።

ሁላችንም፣ ፕሮፌሰሩም ሳይቀሩ፣ ወደ ሚስስ ታተርሶል ዞርን።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። መመልከቻውን ዓይናቸው ላይ አስጠጉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«አይ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄኛው ምድጃዬ ላይ የለም።»